አልምልም ያልኩ ዕለት

ይህን ሚስቴ አታውቀውም። አብሬያቸው የምጸልያቸው ሰዎችም አያውቁትም፤ እንዲያውም ነገሩ በሆነ በዓመቱ ጉባኤ ፊት ቆሜ ጌታ የእጄን ሥራ እንዴት እንደባረከልኝ መስክሬ፣ ተጨብጭቦልኝ ተቀምጫለሁ። ለብቻዬ ስሆን እንኳ ድምፄን አውጥቼ ለራሴ ተናግሬው አላውቅም። አሁን ለእናንተ ለማታውቁኝ የምነግራችሁ ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቡታጅራ ላይ አንድ ምሳ በላሁ፤ ከዚያ ወዲህ የምጎርሰው ሁሉ አልወርድ ብሎኝ ነው።

ታምራት እባላለሁ። ወልቂጤ ውስጥ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። በር እሠራለሁ፣ መስኮት እሠራለሁ፣ የውኃ ታንከር መቆሚያ እሠራለሁ፣ የመጣውን ሁሉ። ያደረግኩትን ግን አስቀድሜ ላስቀምጠው፣ ኋላ እያለዘብኩ እንዳላወራው። እኔ የበየድኩት ብረት ተሰብሮ የአንዲት ሴት እጅ ጎዳ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅኩ በሌላ ሰው ላይ አላከክኩት። ሰውየው ከድር ይባላል፤ ጓደኛዬ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው አርጎን መማር ከጀመርኩበት ጊዜ ነው። አርጎን የምንለው ስቴንለስ፣ የማይዝገው ብረት፣ የሚበየድበትን ዘዴ ነው፤ የተማሩት ቲግ ይሉታል። ተራው ብየዳ ኤሌክትሮድ የሚባለውን ዘንግ በመያዣ አስነክሶ ማንደድ ነው፤ ጭሱም ፍንጣሪውም ጉድ ነው። በአርጎን ግን ቀኝ እጅ ጫፏ እንደ እርሳስ የተቀረጸች፣ ተንግስተን የምትባል ቀጭን ብረት ያለችበትን ቶርች ይይዛል፣ ግራ እጅ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ቀስ እያደረገ ይመግባል። ከሲሊንደሩ የሚመጣው ጋዝ የቀለጠውን ብረት አየር እንዳይነካው ይሸፍነዋል። ሥራው ዝም ያለና ንጹሕ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ቤት ሲሠራ አይቼ ቀናሁ፤ ቅናት ነው ሌላ ስም የለውም።

አስተማሪ አልነበረኝም። ያገለገለ ማሽን ገዝቼ መጣሁና ስልኬን ከፊቴ አቁሜ ቪዲዮ እያየሁ ጀመርኩ። አንዳንዱ ሰው በምን ቋንቋ እንደሚያወራ እንኳ አላውቅም፤ እጁን ብቻ ነበር የማየው። ተንግስተኗን የቀለጠው ብረት ውስጥ እየነከርኩ በቀን አሥር ጊዜ ስቀርጻት እውል ነበር። ሽቦ መመገብ ሲያቅተኝ በእርሳስ ተለማመድኩ። እሑድ ስብከት እየተሰበከ እርሳሱን በጣቶቼ መሃል ወደፊት ሳስኬድ ሚስቴ ጎኔን ትቆነጥጠኝ ነበር።

የመጀመሪያውን አንድ ወር ያበላሸሁት ግን በቬንትሌተር ነው። የወልቂጤን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮ ሥር ቁጭ ብሎ እሳት መያዝ ሲጨመርበት አያድርስ ነው። ከኋላዬ ቬንትሌተር ከፍቼ ነበር የምሠራው። ብየዳው በሙሉ ጥቁርና ዓይናማ ሆነብኝ። ዓይን ለእንጀራ ነው ጥሩ፣ ለብየዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላለው ጋዝ ሻጭ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ የተበላሸ ጋዝ ነው የሰጠኸኝ፣ ሌባ ነህ አልኩት። ሰውየው ደንግጦ ሌላ ሲሊንደር ላከልኝ፤ እሱም ያው ሆነ። አንድ ቀን ቬንትሌተሩ ተቃጠለና እያላበኝ ስበይድ ብየዳው ብር መስሎ ወጣ። ለካ ጋዙን እፍ እያለ የሚወስድብኝ የራሴ ንፋስ ኖሯል። ለሰውየው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት? አልጠየቅኩም። ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ያኔም ሥራዬ ሲበላሽ እጄ መጀመሪያ የጠቆመው ወደ ሌላ ሰው መሆኑን እንድታዩልኝ ነው።

ከድር ያን ሰሞን ይመጣ ነበር። የቡታጅራ ልጅ ነው፤ በጎረምሳነታችን ወልቂጤ አንድ ብረታ ብረት ቤት ተቀጥረን አብረን ነው የጀመርነው። ኋላ አገና አግብቶ እዚያው ትንሽ ብየዳ ቤት ከፈተ። ለዕቃ ወልቂጤ ሲወርድ እኔ ጋ ሳይቀመጥ አይመለስም። ሽቦውን በሁለት ጣቴ ይዤ አጎንብሼ ሲያየኝ፣ «ታሜ፣ ይሄ ብየዳ ነው ጥልፍ?» ይለኛል። እሱ አርጎን አያውቅም፤ ለማወቅም አልፈለገም። ኤሌክትሮድ ግን በከድር እጅ ሌላ ነገር ነው። ከሠራው በር አንድም ተመልሶ መጥቶበት አያውቅም።

በስድስት ወር ውስጥ ሥራው ገባኝ። አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ በራሴ። ይህችን «በራሴ» የምትል ቃል በጣም ወደድኳት። በሬ ላይ «አርጎን ብየዳ ተጀምሯል» ብዬ ጻፍኩ፤ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ በራሴ መማሬን ሳይሰማ አይሄድም ነበር።

እትዬ ብርነሽ የመጣችው ያንን ሰምታ ነው። ከአገና ወጣ ብሎ ያሉ ሴቶች ተሰባስበው እንሰት አብረው የሚፍቁበት ማኅበር አላቸው፤ ሰብሳቢዋ እሷ ናት። ጠንካራ፣ ቀልደኛ፣ የማታፍር ሴት። የተፋቀውን እንሰት ጨምቆ ውኃውን ማውጣት ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ ከዚያ ውኃ ደግሞ ቡላው ይወጣል። መጭመቂያ ማሠራት ነበር የፈለገችው። ተራ ብረት አይሆንም፤ የእንሰት ውኃ ኮምጣጣ ስለሆነ ብረቱን ይበላዋል፣ ብረቱም ቡላውን ያጠቁረዋል፣ የጠቆረ ቡላ ደግሞ ገበያ ላይ ማንም አያየውም። ስለዚህ ስቴንለስ፣ በአርጎን። አዲስ አበባ ያሉ የአካባቢው ልጆች አዋጥተው ነው የሚያሠሩት፤ ለመስቀል ሲገቡ ቆሞ ማየት ይፈልጋሉ።

«ለመስቀል ይደርሳል?» አለችኝ።

«ለመስቀል ካልደረሰ ጉራጌ አትበሉኝ» አልኳት።

ማሽኑ ቀላል ነበር። የተበሳሳ የስቴንለስ ሳጥን፣ ውስጡ የሚወርድ መጫኛ፣ ከላይ ረጅም የእጅ ማንሻ። ማንሻው የሚታሰረው ሳጥኑ ላይ ግራና ቀኝ በተበየዱ ሁለት ወፍራም ብረቶች ነው፤ ጆሮ እንላቸዋለን። አራት ሴቶች ማንሻው ላይ ሲንጠለጠሉ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው እነዚያ ጆሮዎች ላይ ነው። ሳጥኑን በየድኩ፣ ግራውን ጆሮ በየድኩ። ቀኙን ጆሮ ቦታው ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱን ሁለት ጣት የሚያህል በአርጎን ያዝ አደረግኩት። ከዚያ ጋዙ አለቀ።

ማለቅ አልነበረበትም። ቱቦው መጋጠሚያ ላይ እንደሚያፈስ አውቅ ነበር፤ ነገ አጠብቀዋለሁ ስል ሳምንት አልፎኛል። ለደመራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ጋዝ ሻጩ ጋ ደወልኩ። «የምን አዲስ አበባ፣ እኔ እኮ አገሬ ጉንችሬ ገብቻለሁ፤ ሱቁ ከመስቀል በኋላ ነው የሚከፈተው» አለኝ። ሌባ ያልኩት ሰውዬ ጉራጌ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት። በመስቀል ሰሞን ጉራጌ ሱቁ ውስጥ ይገኛል ብዬ መጠበቄ የእኔ ሞኝነት ነው። ሌላ ሁለት ቦታ ሞከርኩ፤ ያው ነው፣ ሁሉም አገሩ ገብቷል።

እስቲ አሁን ንገሩኝ፣ ምን ነበር የሚከብደው? እትዬ ብርነሽ ጋ ደውሎ አንድ ጆሮ ቀርቶኛል፣ ከመስቀል በኋላ አደርሳለሁ ማለት ምን ነበር? ትስቅብኝ ነበር። ጉራጌ አይደለህም ትለኝ ነበር። ልጆቹ ሳያዩት ይመለሱ ነበር። ከዚህ የበለጠ ምንም አይመጣም ነበር። እኔ ግን «በራሱ የተማረው ሰውዬ ጋዝ አለቀበት» እንዳይባል ፈራሁ።

የቀኙን ጆሮ በተራ ኤሌክትሮድ በየድኩት። በጥቁር ብረት ኤሌክትሮድ፣ በር በምሠራበት። እንደማይሆን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ስቴንለስ በእሱ ሲበየድ ለዓይን ይይዛል፤ ግን ደርቆ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል፣ ኮምጣጣ ሲነካው ደግሞ ከውስጥ ይበላል። ይህን ከሚያሳዩት ቪዲዮዎች አንዱ ላይ ሰውየው በትልቁ ቀይ ኤክስ አድርጎበት ነበር። ቋንቋውን ባላውቅ ኤክሱን አውቃለሁ። በየድኩት፣ በዲስክ ላግኩት፣ በአሸዋ ወረቀት አሸሁት፣ እስኪያንጸባርቅ ወለወልኩት። ከፊት ለፊት የሚታየው ያቺ ሁለት ጣት የምታህል የአርጎን ብየዳ ብቻ ሆነች። ቆንጆ ብየዳ ነበረች፤ በቆንጆዋ መጥፎውን ሸፈንኩት።

ለደመራ ዋዜማ አደረስኩ። ልጆቹ ከአዲስ አበባ ገብተው ዙሪያውን ፎቶ ተነሡ፤ እኔም መሃል ቆሜ ተነሣሁ። ከመስቀል በኋላ ጋዙ እንደመጣ ሄጄ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ጋዙ መጣ። አንድ ጊዜ ለሌላ ሥራ አገና ሄጄ ማኅበሩ ግቢ ገባሁ፤ ሴቶቹ እየሠሩ ነበር፣ ነጭ ቡላ አሳዩኝ፣ ደስ ብሏቸዋል። ጆሮውን በመዳፌ ያዝ አድርጌ ነቀነቅኩት። አልተነቃነቀም። ያልተነቃነቀ ነገር ምን ያስነካኛል አልኩና ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። በጋዜ፣ በቶርቼ፣ በግማሽ ቀን ሥራ ላድነው የምችለውን እጅ ትቼ ነው የተመለስኩት።

ከዚያ የማሽኑ አንድ እግር ወለሉ ላይ አልረጋ አለ። እትዬ ብርነሽ ለዚህ ወልቂጤ ድረስ አልደውልም ብላ ቅርቧ ያለውን ከድርን ጠራች። ከድር መጥቶ እግሩ ሥር አንድ ቁራጭ ብረት በኤሌክትሮድ በየደላት፣ ምስጋና ተቀብሎ ሄደ። እግሩን ብቻ ነው የነካው። ከጆሮው በክንድ ርቀት ይርቃል።

በወሩ አንድ ረፋድ ላይ ሴቶቹ ማንሻው ላይ ተጭነው ሳለ የቀኙ ጆሮ ተገነጠለ። ማንሻው ተወርውሮ የእትዬ ብርነሽን ግራ እጅ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ያዘው። ሐኪም ቤት ተኝታ ተነሣች፤ ሁለት ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም።

ደውለው ነገሩኝ፣ ሄድኩ። ጆሮው መሬት ላይ ወድቆ ነበር። የተሰበረበት ፊት ቡናማ ዝገት ነው፤ በተራ ኤሌክትሮድ መበየዱን አርጎን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ያየዋል። እዚያ ግቢ ውስጥ አርጎን የሚያውቅ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። «ልመርምረው» ብዬ አነሣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሽማግሌዎች የተቀመጡት በሳምንቱ፣ በእትዬ ብርነሽ የባሏ ወንድም ግቢ ነው። ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ የሚመሩት። ከድር የአገናን ጉራጊኛ አጥርቶ ስለማይናገር ሽምግልናው በአማርኛ ሆነ። ለእሱ ታስቦ ነው። ግን በአማርኛ መሆኑ ራሱ ከድር ከመንደሩ እንዳልሆነ ለሁሉም አስታወሰ። የእኔ ቤተሰብ ግን አገና ካለችበት ከእዣ ነው፤ አባቴን የማያውቅ አልነበረም።

መጀመሪያ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። ተነሥቼ አስረዳሁ። ብረት ሲሞቅ ይሳባል አልኩ፤ ይህ እውነት ነው። ማሽኑ በጥንቃቄ በአርጎን የተሠራ ነው፣ በኋላ እግሩ በኤሌክትሮድ በከፍተኛ ኮረንት ሲበየድ እሳቱ ስቴንለሱን ስቦ ጆሮውን ሳይሰነጥቀው አልቀረም አልኩ። ይህ ውሸት ነው። ግን ውሸቱን እውነት ከሆነ ነገር ጋር አድርጌ ነው የበየድኩት፣ መጋጠሚያው አልታየም። ከድርን አላየሁትም። ስሙንም አልጠራሁም፤ «በኋላ የነካው ሰው» ነበር ያልኩት።

ጋሽ ሽብሩ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ አንተ ይህን ዕቃ የሠራኸው በአርጎን ነው?» አሉኝ።

«አዎን፣ በአርጎን ነው» አልኩ።

ቃሉን ተመልከቱልኝ። ዕቃው በአርጎን ነው የተሠራው። ሳጥኑ በአርጎን ነው፣ ግራው ጆሮ በአርጎን ነው፣ ቀኙም ላይ ሁለት ጣት የምታህል አርጎን አለች። ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ለራሴ የምነግረው ነገር እንዲተርፈኝ አድርጌ ነበር የመለስኩት።

«ትምላለህ?» አሉኝ። እንደ አገሩ ደንብ ነው፤ ነገር ሲከብድ ማስማል አለ።

«ጋሼ፣ እኔ አማኝ ነኝ፤ አልምልም። አዎን ካልኩ አዎን ነው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ፣ «እውነቱን ነው፤ ጴንጤ አይምልም፣ አይዋሽምም» አሉ። ሳልምል ታመንኩ። ብምል ኖሮ ምናልባት ድምፄ ይሰበር ነበር፤ ምናልባት አንዱ ይጠረጥረኝ ነበር። ከመሐላ ያዳነኝ እምነቴ ነው አልኩ። እምነቴን እንደ በር መዝጊያ ተጠቀምኩበት። አባቴ «አልምልም» የሚለውን ቃል የያዘው ባለመማሉ ሰው እየተቀየመው ነው፤ እኔ በተዘጋጀ ክብር ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩበት።

ከዚያ ከድር ተጠየቀ። ከድር አርጎን አያውቅም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወላሂ እግሩን እንጂ ጆሮውን አልነካሁም። ወላሂ የእኔ ብየዳ አልሰበረውም።» ደጋግሞ ማለ፤ ድምፁ ከፍ አለ፣ አማርኛው ተደናቀፈ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ታሜ፣ አንተ ንገራቸው እንጂ» አለኝ። መሬት መሬት አየሁ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ይሄን ያህል የሚምል የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው ሲል ሰማሁት። እውነቱን የማለው ሰው ሲጠረጠር፣ የዋሸሁት እኔ ግን ባለመማሌ ስከበር፣ መሃላቸው ተቀምጬ ነበር።

ከድር እንዲታረቅ ተፈረደበት። ተነሥቶ የእትዬ ብርነሽን ጉልበት ይዞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ባላጠፋው። እሷም በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ከፍ አድርጋ፣ ይቅር ብዬሃለሁ አለችው። የሷ ይቅርታ እንኳ የሄደው ወደማይገባው ቦታ ነው። ማሽኑን በነጻ እጠግነዋለሁ አልኩ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። «እጅህን ይባርክልህ፣ ልጅህን ያሳድግልህ» አሉ፣ አሜን አልኩ። አዲስ ጆሮ ቆርጬ ዙሪያውን በአርጎን በየድኩት፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። አሮጌውን ጆሮ ከቁርጥራጭ ጋር ሸጥኩት።

ለከድር ከዚያ በኋላ አገና ላይ በር የሚያሠራ ጠፋ። ማንም አልሰደበውም፤ ዝም ብለው ሌላ ጋ ሄዱ። ዓመት ሳይሞላው ሱቁን ዘግቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ቡታጅራ ገባ። ሲሄድ በወልቂጤ አላለፈም። እኔ ደግሞ ላለመደወል ሰበብ አገኘሁ፤ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብዬ ተቀየምኩት። ተቀየምኩት! እኔ እሱን።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የምግብ ቤት የስቴንለስ ጠረጴዛ ልለካ ቡታጅራ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ጎማ ሲያስተካክል አየሁት። ጎሚስታ ሆኗል። ላልፍ ፈልጌ ነበር፤ እሱ ነው ቀድሞ ያየኝና እጁን በሱሪው ጠርጎ ያቀፈኝ። አሠሪውን፣ «ይሄ ወንድሜ ነው፣ በራሱ አርጎን የተማረ» አለው። ምሳ ካልጋበዝኩህ አለና እጄን ይዞ ወሰደኝ።

ለእኔ ክትፎ አዘዘ። ለራሱ ምንም አላዘዘም። ጾመኛ ነኝ አለኝ። ረመዳን አይደለም፤ ምነው አልኩት።

የነገረኝን እሱ እንዳለው ነው የምጽፈው። «ያኔ ምያለሁ አይደል። በኋላ ግን ሳስበው ያንተ ነገር ልክ ነው። እግሩን ስበይድ ኮረንቱን ከፍ አድርጌው ነበር፣ አስታውሳለሁ። እሳቱ ስቦት ነው። እኔ ደግሞ በአላህ ስም አይደለም ብዬ ማልኩ። ሼኹ ሳታውቅ ከሆነ ምንም የለብህም አሉኝ፤ ልቤ ግን እንቢ አለኝ። ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ። ብየዳም ተውኩ፣ እጄን አላምነውም።» ቀጥሎ፣ «አንተ ብልህ ነህ፣ አልማልክም» አለኝ።

ሐሙስ ነበር። እኔ ያልኩትን ውሸት አምኖ፣ የእኔን ጥፋት የራሱ አድርጎ፣ እውነት የነበረውን መሐላውን ውሸት ነው ብሎ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን ይጾማል። ያቺ እሳት ይስባል የምትል ነገር ሽማግሌዎቹ ጋ የቀረች መስሎኝ ነበር፤ እሱ ወደ ቤቱ ይዟት ሄዶ ኖሯል። ከፊቴ ተቀምጦ ቆጮውን እየቆረሰ ወደ እኔ ያስጠጋልኛል። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። እኔ ነኝ፣ ከድር፣ ጆሮው የእኔ ነው። ምን አደረግኩ? በላሁ። ክትፎውን ጨርሼ፣ ጣቴን ታጥቤ፣ አላህ ይቀበልልህ ብዬው ወጣሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ፈርቼ ነው አልልም፤ ማንም አላስፈራራኝም። ጋዝ አልቆብኝ ነው አልልም፤ ጋዝ ያለቀበት ሰው ይጠብቃል። ከናንተም ይቅርታ አልጠይቅም፣ እናንተን አልበደልኩም። የበደልኳቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቤታቸውን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ቡታጅራ፣ ከዚያ ከድር እሺ ካለ አብረን አገና፣ እትዬ ብርነሽና ጋሽ ሽብሩ ፊት። እዚያ ትምላለህ ካሉኝም እምላለሁ፤ ያን ቃል ተጠልዬበት ካቆሸሽኩት በኋላ ልደበቅበት አይገባኝም።

ይህን የጻፍኩት አፌ እንደገና እንዳይከዳኝ ነው። ደርሼ ፊቱን ሳይ ዝም ካልኩ ወረቀቱን እሰጠዋለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ገና ከሰዓት ነው፣ ሚኒባስ አለ።

ከድር፣ ጆሮውን የሰበረው ያንተ ብየዳ አይደለም። የማልከው እውነት ነበር። ነገ ሐሙስ ነው፤ ምሳህን ብላ።